«16» ውስጥ ያለው 1 ስንት ነው? የቦታ ዋጋን ለትንንሽ ልጆች ማስተማር

ልጁ እስከ መቶ ሳይሳሳት ይቆጥራል። ደብተሩ ላይ «34፤ አሥር ቤት 3፣ አንድ ቤት 4» ብሎ ጽፎ ትክክል ተብሎለታል። ሁለተኛ ክፍል ገብቶ 52 − 27 ሲሰጠው ግን መልሱ 35 ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ይህን ልጅ በደንብ ያውቀዋል። ችግሩ መቀነስ ላይ ይመስላል፤ መነሻው ግን ከዚያ ቀደም ያለ ነው። አሥር ነጠላ ነገሮች ተሰብስበው አንድ አዲስ ነገር እንደሚሆኑ፣ ያ አንድ ነገር ደግሞ አሥርነቱን እንዳልተወ ልጁ አልጨበጠም። የቦታ ዋጋ፣ ማለትም አንድ አኃዝ በተጻፈበት ቦታ የሚኖረው ዋጋ፣ የምንለው ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ሐሳብ ነው። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው፣ ከ«አንድ ቤት፣ አሥር ቤት» ሰንጠረዥ እንጀምራለን። ሰንጠረዡ በእጅ ታስሮና ተፈትቶ የታወቀን ነገር መመዝገቢያ ነው፤ ያልታወቀውን አያስተምርም።

መጀመሪያ መፈተሽ

ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። 16 ባቄላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ ሽምብራም ቆርኪም ይሆናል። ቆጥሮ ብዛቱን ወረቀት ላይ ይጻፍ። 16 ይላል። 6ቱን በእርሳስ ክበቡና «ይህ የትኞቹ ባቄላዎች ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስድስት ባቄላ ለይቶ ያሳያል። አሁን 1ን ክበቡና ያንኑ ጥያቄ ድገሙ። ብዙ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች አንዲት ባቄላ ያነሣሉ። ዘጠኝ ባቄላ መሐል ላይ ቀርቷል። «እነዚህስ?» ሲባል አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ «ትርፍ ናቸው» ይላል።

እዚህ ላይ «1 ማለት እኮ አሥር ነው» ብሎ ማረም ብዙም አይረዳም። ልጁ ቃሉን ይይዝና በማግሥቱ «አሥር» ይላል፤ 27 ባቄላ ሲቀርብለት ግን 2ን ሁለት ባቄላ ያደርገዋል። ስለዚህ ፍተሻውን ስትደግሙ ቁጥሩን ለውጡ፤ 13፣ 24፣ 31 ይሁን። በጣም ጥሩው 22 ነው። ሁለቱም አኃዞች 2 ስለሆኑ መልኩን ብቻ አይቶ ማምለጥ አይቻልም። የግራውን 2 ሃያ ባቄላ፣ የቀኙን 2 ሁለት ባቄላ ያደረገ ልጅ ነገሩ ገብቶታል፤ ወደ መቶ መሄድ ይችላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለማሰር የሚመች ቀጭንና ቀጥ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ስንደዶ በሚገኝበት ቦታ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ ነው። ከተማ ውስጥ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ለሁለት ቢቆረጥ ያው ነው። ስቴኪኒ ሹል ነው፣ ይወጋል። የክብሪት እንጨት አጭር ስለሆነ ከትንሽ ጣት እያመለጠ ያስቸግራል፤ ያልተጫረውን ደግሞ ክፍል ውስጥ ማስገባት አይገባም። ማሰሪያው ላስቲክ ይሁን። ክር የሰጣችሁት ልጅ ከቋጠሮው ጋር ሲታገል ስንት እንደቆጠረ ይረሳዋል።

ለሁለት ልጆች 40 እንጨትና 4 ላስቲክ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃል። 60 ልጅ ያለበት ክፍል 30 ጥንድ ነውና 1,200 እንጨትና 120 ላስቲክ ይሆናል። ብዙ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ልጅ 20 እንጨት ከቤቱ ይዞ ከመጣ ግን ሞላ። ላስቲክ ስለሚበጠስ ጥቂት ትርፍ ይኑር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ጥንድ የምትረከቡት አሥር አሥር ሆኖ በላስቲክ የታሰረ 4 እስር ነው፤ ነጠላ እንጨት አትቀበሉ። አንዱ እስር ዘጠኝ ከሆነ የጎደለው ወለል ላይ ይፈለጋል። ርክክቡ ራሱ ልምምድ ነው፤ መምህሩም 1,200 እንጨት ከመቁጠር ይድናል።

ጥራጥሬም ይሆናል፤ አሥር አሥሩን ውስጡ በሚታይ ትንሽ ፌስታል መቋጠር ነው። ፌስታሉ ጥቁር ከሆነ ልጁ የሚያየው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ ውስጡ አሥር እንዳለ ዓይኑ አይነግረውም። ቆርኪ ለመቁጠር ግሩም ቢሆንም ለማሰር አይመችም። መሐሉን በምስማር በስቶ አሥር አሥሩን በሲባጎ መሰካት ይቻላል፤ የተበሳው ጠርዝ ስለሚቆርጥ መብሳቱን አዋቂ ይሥራው።

ማሰር

ለእያንዳንዱ ጥንድ 34 እንጨት ስጡ። መጀመሪያ አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቀጥለው አሥር አሥር እየቆጠሩ በላስቲክ እያሰሩ ያስቀምጡ። ሦስት እስርና አራት ነጠላ ይወጣል። አሁን «በጠቅላላው ስንት እንጨት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለአዋቂ የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ለልጆቹ አይደለም። አንዱ «ሰባት» ይላል፤ ሦስት እስርና አራት ነጠላ ደምሮ ነው። ሌላው ላስቲኩን ፈትቶ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። ሁለቱም ተሳስተዋል ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የጎደላቸው አንድ ዓይነት አይደለም። «ሰባት» ያለው እስሩን እንደ አንድ ነገር ማየት ችሏል፤ አሥርነቱ ግን ጠፍቶበታል። ፈትቶ የቆጠረው አሥርነቱን ይዟል፤ እስሩን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ግን ገና አልደፈረም። ለመጀመሪያው ልጅ እስሮቹን አንድ በአንድ እየነካ «አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ»፣ ከዚያ ነጠላዎቹን እየነካ «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት» እያለ ይቁጠር። ከእስር ወደ ነጠላ ሲሻገር አፍታ ቆም እንዲል አድርጉ፤ ካልቆመ «ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ» እያለ ነጠላዎቹንም በአሥር ይቆጥራቸዋል። ለሁለተኛው ልጅ ሳይፈታ ስንት እንደሆነ ይናገር፤ ከዚያ ፈትቶ ያረጋግጥ። ጥቂት ጊዜ ትክክል ሆኖ ካገኘው መፍታቱን ራሱ ይተወዋል። አትከልክሉት።

እቤት የታሰሩ እስሮችን ይዞ ክፍል መግባት ጊዜ ይቆጥባል፤ ጥቅሙ ግን አብሮ ይቀራል። ልጁ አሥሩን በእጁ ካልቆጠረና ካላሰረ እስሩ ለእርሱ ሌላ ዕቃ ነው። ውድ ዕቃ ያላቸው ትምህርት ቤቶችም እዚሁ ይሰናከላሉ። ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራው የአሥር ዘንግ ተፈቶ አሥር ነጠላ ኪዩብ ስለማይሆን ልጆች «ረጅሙ» እና «ትንሹ» ብለው ይጠሯቸዋል። ዘንጉ ጥሩ የሚሆነው ማሰርና መፍታት ከተለመደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ላስቲክ ከማሰር ያፈጥናል።

29 ላይ አንድ እንጨት መጨመር ለብቻው ልምምድ ይሁን። ልጁ ሲቆጥር «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሃያ አሥር» ቢል አትቆጡት። ይህ ልጅ የቁጥርን ሥርዓት ይዟል፤ የጎደለው አሥር ሲሞላ መታሰር እንዳለበት ማወቁ ነው። «ሃያ አሥር» ያለውን በእንጨት ያሳይ፤ ሁለት እስርና አሥር ነጠላ ያወጣል። «አሥር ነጠላ ሲኖር ምን እናደርጋለን?» ሲባል ያስራል፣ ሦስት እስር ይሆናል። 39፣ 49፣ 59 ላይ ያው ነው። 99 ላይ ሁለት ጊዜ ይታሰራል፤ አሥሩ ነጠላ አሥረኛው እስር ይሆናል፣ አሥሩ እስሮች ደግሞ በአንድ ትልቅ ላስቲክ መቶ ይሆናሉ። ለዚህ ቀን ሦስት ጥንዶች ዕቃቸውን ያዋጡ፤ 120 እንጨት ይሆናል።

ሲጠራና ሲጻፍ

በአማርኛ የሚማር ልጅ አንድ ዕድል አለው። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ አሥሩ በግልጽ ይሰማል፤ ቀድሞም ይጠራል። በእንግሊዝኛ ከ13 እስከ 19 ነጠላው ስለሚቀድም «ፎርቲን» የተባለ ልጅ መጀመሪያ የሰማውን 4 ያስቀድምና 41 ይጽፋል፤ «ሰርቲን»ና «ሰርቲ»ም ይምታቱበታል። ሒሳብን በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ይህ የየዕለት ነገር ነው። በጀርመንኛና በዓረብኛ ነጠላውን ማስቀደሙ እስከ 99 ይቀጥላል፤ 23 «ሦስትና ሃያ» ተብሎ ይጠራል። በዕብራይስጥ ከ11 እስከ 19 ብቻ ነው። ጀርመን ወይም ገልፍ አገር የሚያድግ ልጅ 23ን 32 አድርጎ ቢጽፍ ወላጅ አይደንግጥ፤ እንደሰማው ነው የጻፈው። ቤት ውስጥ በአማርኛ «ሃያ ሦስት» እየተባለለት ቢጽፍ የሚሰማውና የሚጽፈው ቅደም ተከተል ይገጥምለታል።

አማርኛም የራሱ ወጥመድ አለው። ሃያ ውስጥ ሁለት አይሰማም። ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያ፣ ዘጠኝና ዘጠና ደግሞ በጣም ይቀራረባሉ፤ ብዙ ልጅ ባለበት ክፍል ከኋላ የተቀመጠው «ሰባ» ሲባል 7 ይጽፋል። ለዚህ ሁለት ስም መስጠት ይበጃል። እንጨቱ እያለ 74ን «ሰባት አሥር ከአራት፤ ሰባ አራት» እያላችሁ ጥሩት፤ ልጆቹም ሁለቱንም ይበሉ። ሃያ «ሁለት አሥር» ነው። የመጀመሪያው ስም ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ ይናገራል፤ ሁለተኛው የሰዉ አጠራር ነው። ልጆቹ ሳይጠየቁ ወደ አጭሩ ሲያዘነብሉ ረጅሙን ተዉት።

መቶ ላይ ሌላ ስሕተት ብቅ ይላል። «መቶ ሃያ ሦስት» ጻፉ ሲባል 100203 ወይም 10023 የሚጽፍ ልጅ አይጠፋም። ልጁ ያደረገው የሰማውን ሁሉ በየተራ መጻፍ ነው፤ 100፣ 20፣ 3። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ትክክል ነበር። ፻፳፫ ማለት መቶ፣ ሃያ፣ ሦስት ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው፤ ዜሮ የለውም፤ የምልክቱ ዋጋም በቦታው አይለወጥም። የቤተ ክህነት ትምህርት ወይም የግዕዝ ቁጥር የሚማር ልጅ ካላችሁ 105ንና ፻፭ን ጎን ለጎን አስጽፉት። በአንደኛው መሐል ላይ ዜሮ ለምን እንዳስፈለገ፣ በሁለተኛው ለምን እንዳላስፈለገ መነጋገር ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአንደኛ ክፍል ግን አትጨምሩበት።

100203ን የሚያርመው ተደራራቢ ካርድ ነው። ከካርቶን 27 ካርድ ይቆረጣል። ከ1 እስከ 9 ያሉት 5 ሳንቲ ሜትር፣ ከ10 እስከ 90 ያሉት 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከ100 እስከ 900 ያሉት 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ ይኑራቸው፤ ቁመታቸው ሁሉም 6 ይሁን። እያንዳንዱ አኃዝ 5 ሳንቲ ሜትር ቦታ መሐል ላይ ይጻፍ። ልጁ 100፣ 20 እና 3ን ለየብቻ ያነሣል፤ 20ን በ100 ላይ፣ 3ን በ20 ላይ የቀኝ ጠርዛቸውን ገጥሞ ይደርባል። 123 ይነበባል። ዜሮዎቹ አልጠፉም፣ ከሥር ናቸው፤ ካርዱን ሳብ ቢያደርግ 20 እንደገና ይወጣል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ የአኃዞቹ ስፋት እኩል አለመሆን ነው፤ 3ቱ ከሥሩ ያለውን ዜሮ በግማሽ ይሸፍነዋል። ሌላው 3ቱን በግራ ጠርዝ መግጠም ነው፤ 3ቱ መቶ ቤት ላይ ይወድቅና 320 ይነበባል። የቀኙን ጠርዝ በቀለም አስምሩበት።

ዜሮ ከሁሉም ያስቸግራል፤ ምክንያቱም አይጠራም። «ሦስት መቶ አምስት» ሲባል ማንም «ምንም አሥር የለም» አይልም፤ ስለዚህ ልጁ 35 ወይም 3005 ይጽፋል። «ዜሮ ዋጋ የለውም» የሚለው የመምህር አነጋገር ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ዋጋ የሌለውን ነገር ልጁ ቢያወጣው ምን ይደንቃል! «እዚህ አሥር የለም» በሉ፤ ቦታው ግን አለ። 35፣ 305፣ 350 እና 3005ን በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን፣ በእንጨት ወይም በካርድ ያሠሯቸው። ለ3005 እንጨት አይበቃም፤ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የ3000 ካርድ ብቻ ጨምሩ።

ሰንጠረዡና አታላይነቱ

አሁን ሰንጠረዡ ይምጣ። አንድ ቤት በቀኝ፣ አሥር ቤት በግራው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነብ ልጅ የመጀመሪያውን ቤት ግራ ላይ ይጠብቃልና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይገለብጠዋል። እንጨቶቹን ሰንጠረዡ ላይ ያስቀምጥባቸው፤ እስር በአንድ ቤት አይገባም፣ ነጠላ በአሥር ቤት አይገባም። በአንድ ቤት ከዘጠኝ በላይ ነጠላ ሲኖር ይታሰርና ወደ ግራ ይዛወራል።

ሰንጠረዡ የሚያታልለው መምህሩን ነው። «34፤ አሥር ቤት ስንት? አንድ ቤት ስንት?» የሚለውን ልምምድ ምንም ያልገባው ልጅ መቶ በመቶ ያገኛል፤ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ መገልበጥ ነውና። የሚለየው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «134 ውስጥ ስንት አሥር አለ?» «አሥር ቤት ላይ ያለው አኃዝ ምንድን ነው?» ከተባለ መልሱ 3 ነው። «ስንት አሥር አለ?» ከተባለ 13 ነው፤ አራት ነጠላ ይተርፋል። የፈተና ጥያቄዎች ራሳቸው እነዚህን ሁለቱን ሲያምታቱ አይተናል፤ ጥያቄ ስታወጡ ቃሉን ለዩት።

ለዚህ የሚረዳው አንድን ቁጥር በብዙ መልክ ማውጣት ነው። 52 እንጨት ስጡና «አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ነው። በሌላ ስንት ዓይነት ማስቀመጥ ትችላላችሁ?» በሉ። አንድ እስር ይፈታል፤ አራት እስርና 12 ነጠላ። ሌላ ይፈታል፤ ሦስት እስርና 22 ነጠላ። እንዲህ እያለ ምንም እስር የሌለው 52 ነጠላ ላይ ሲደርስ ስድስት ዓይነት ይሆናል። በየመሐሉ «አሁንስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ 52 መሆኑ የማይገርመው ልጅ ለመቀነስ ተዘጋጅቷል። ከምንጽፈው ሁሉ አንድ ልምምድ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህንን እንመርጣለን።

ብር

የ1 ብር ሳንቲም፣ የ10 ብርና የ100 ብር ኖት የቦታ ዋጋ የተሸከሙ ናቸው፤ ልጆችም ያውቋቸዋል። ግን መጀመሪያ ላይ አይሁኑ። የ10 ብር ኖት ውስጥ አሥር ነገር አይታይም፤ አሥር ነው የሚባለው ስለተጻፈበት ነው። ማሰርና መፍታት ከገባቸው በኋላ ግን እንጨት የማይችለውን ያደርጋል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል እጅ አይሞላም። 5፣ 50 እና 200 ብርን ለጊዜው አውጧቸው፤ በአምስትና በሁለት መመንዘር ሌላ ትምህርት ነው።

ከወረቀት የተቆረጠ ብር፣ ሁለት ዳይ፣ ሁለት ተጫዋችና አንድ ገንዘብ ያዥ ይኑር። ለአንድ ቡድን 30 ባለ 1 ብር፣ 20 ባለ 10 ብርና 2 ባለ 100 ብር በትክክል ይበቃል። ተጫዋቹ ሁለቱን ዳዮች ይጥላል፣ የወጣለትን ያህል በነጠላ ብር ይቀበላል፤ አሥር ነጠላ ብር ከሞላው ዳዩን ለሌላው ከማቀበሉ በፊት በ10 ብር ይመነዝራል። ሳይመነዝር ዳዩን ካቀበለ የሚቀጥለው ተራ ያልፈዋል። ይህችን ሕግ አታላሉ፤ ጨዋታው የቆመው በእርሷ ላይ ነው። አሥር ባለ 10 ብር ያጠራቀመ በ100 ይመነዝራል፣ ያሸንፋል። ገንዘብ ያዡ ለመመንዘር ሲጠየቅ አስቀድሞ አሥሩን ይቆጥራል፤ ደካማውን ልጅ ገንዘብ ያዥ አድርጉት፤ ከሁሉም የበለጠ የሚቆጥረው እርሱ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጨዋታው ይገልበጥ። እያንዳንዱ 100 ብር ይዞ ይጀምራል፣ ዳዩ ያወጣውን ይከፍላል። 7 ከወጣ 100ው በአሥር ባለ 10፣ ከዚያ አንዱ ባለ 10 በአሥር ነጠላ ይመነዘራል፤ ከፍሎ 93 ይቀረዋል። መጀመሪያ ያለቀበት ያሸንፋል። የመቀነስ ትምህርት ሳይጀመር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መደመርና መቀነስ

38 + 27 ብለው 515 የሚጽፉ አሉ፤ 8ና 7 አሥራ አምስት፣ 3ና 2 አምስት። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ትክክል ነው። ከማስላታቸው በፊት «ከመቶ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብትሏቸው 515ን ራሳቸው ይጠራጠሩታል፤ 40ና 30 እንኳ ሰባ ነውና። በእንጨት ሲሠሩት 15ቱ ነጠላ አንድ እስርና አምስት ይሆናል፤ እስሩ ወደ እስሮች ይሄዳል፤ 65።

52 − 27 ላይ 35 የሚመጣው ልጁ ከ2 ላይ 7 ማንሣት ስላልቻለ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ስለሚያነሣ ነው። «ከትልቁ ትንሹን ቀንስ» ያልነውን በየቤቱ ሠራበት። እዚህ ላይ «ከጎረቤት እንበደር» ይባላል። የተበደሩት ይመለሳልና አንዳንዱ ልጅ በኋላ አሥር ቤት ላይ አንዱን መልሶ ይጨምራል፤ 35 እንደገና! «አንድ እስር እንፍታ» ማለት ይሻላል። 52 አራት እስርና 12 ነጠላ ይሆናል፤ 7 ይነሣል 5 ይቀራል፤ 2 እስር ይነሣል 2 ይቀራል፤ 25። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንደኛው ልጅ እንጨቱን ይፍታ፣ ሁለተኛው ያንኑ በዚያው ቅጽበት ይጻፍ። ጽሕፈቱ ከእጁ ከዘገየ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ይሆናሉ።

403 − 128 ሦስተኛ ክፍልን የሚያስለቅስ ነው። ነጠላ አይበቃም፣ የሚፈታ አሥር ደግሞ የለም። የተለመደው መንገድ አንዱን መቶ በአሥር እስሮች መፍታት፣ ከእነርሱ አንዱን በአሥር ነጠላ መፍታት ነው፤ ሦስት መቶ፣ ዘጠኝ አሥር፣ 13 ነጠላ። ብዙ ልጅ 9ኙን ይረሳና አሥሩን 10 አድርጎ ይተወዋል፤ መልሱ 285 ይሆናል። «403 ውስጥ ስንት አሥር አለ?» የሚለውን የለመደ ልጅ ግን አጭር መንገድ አለው። 40 አሥርና 3 ነው፤ አንዱን ብንፈታ 39 አሥርና 13። ከ13 ላይ 8 ሲነሣ 5፣ ከ39 ላይ 12 ሲነሣ 27፤ 275። 9ኙ ከየት መጣ የሚባል ነገር የለም።

ከሺህ በላይ

ከሺህ ወዲያ እንጨት አይታሰርም፤ ልጁ እስካሁን ያየው ሥርዓት ነው የሚቀጥለው። አዲሱ ነገር ነጠላ ሰረዙ ነው። ከቀኝ ተነሥቶ ሦስት ሦስት አኃዝ ይቆጠራል፤ 45,308 ላይ ከሰረዙ በግራ ያለውን እንደ ተራ ቁጥር ያነብና ሰረዙ ጋ «ሺህ» ይላል፤ አርባ አምስት ሺህ፣ ሦስት መቶ ስምንት። ከሰረዙ በቀኝ ሁልጊዜ ሦስት አኃዝ መኖር አለበት። «አምስት ሺህ ሃያ» ሲባል 5,20 የጻፈ ልጅ ቆጥሮ አንድ እንደጎደለው ያገኛል።

ዓመተ ምሕረት ለዚህ ደረጃ ጥሩ ልምምድ ይሰጣል። 1984ን «አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት» ነው የምንለው። 190084 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ይኖራል፤ ግን ስሙ ራሱ 1984 ውስጥ 19 መቶ እንዳለ ይናገራል። «የእናትህ የትውልድ ዓመት ውስጥ ስንት መቶ አለ? ስንት አሥር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። መቶውን በጆሮው ያገኘዋል፤ 198 አሥር ለማለት ግን ማሰብ አለበት። ከ2000 በኋላ የተወለደ ታላቅ ወንድም ካለው የእርሱንም ያምጣ፤ «ሁለት ሺህ ሰባት» ሲጽፍ ሁለቱን ዜሮዎች የት እንደሚያደርግ እዩ። 20007 ከሆነ የ2000 ካርድና የ7 ካርድ አቅርቡለት፣ የቀኙን ጠርዝ ይግጠም።